የመስከረም መስኮት

በአገራችን በመስከረም ሁለት ነገር ያብባል፤ በሜዳው አደይ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ደግሞ አዲስ ድራማ። ጣቢያዎቹ ክረምቱን ሲያዘጋጁት የከረሙትን ሥራ የሚያወጡት፣ አቋርጠውት የነበረውንም "በአዲስ ምዕራፍ ተመለስን" ብለው የሚያበሥሩት በአብዛኛው በዓሉን ተንተርሰው ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ከስንኝ ጋር እታገላለሁ። መስከረም ሲጠባ ግን ሦስተኛ ሥራ ይጨመርብኛል። የአዲሶቹንና የተመላሾቹን ድራማዎች ስም በአንዲት ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ እየጻፍሁ እመዝናቸዋለሁ። የሚከፍለኝ የለም፤ የጠየቀኝም የለም። ሰሞኑን ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳገላብጣት ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት ድራማ እየመዘንሁ የመሰለኝ ሰው፣ ለካ በመስኮቱ ውስጥ የአገሬን ሰው ስፈልግ ነበር የኖርሁት።

አገሬ ቢቸና ነው፤ እንጀራዬ ሞጣ። ሁለቱም የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ያገናኛቸዋል። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ገበሬ ነው፤ በየደብሩ ያለው ሀብት ደግሞ ቅኔ ነው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ በቴሌቪዥን መስኮት መቼ ታየ? ሲታይስ ምን ሆኖ ታየ? የዛሬው ጽሑፌ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

በመስከረም አዲስ ትርዒት ማውጣት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በአሜሪካም ታላላቆቹ ጣቢያዎች አዳዲስና ተመላሽ ድራማዎቻቸውን የሚጀምሩት በዚሁ ወራት ነው። ሰው ከዕረፍቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ምሽቱ ይረዝማል። የመኪና ፋብሪካዎችም ለረጅም ዘመን አዲስ ምርታቸውን ያወጡ የነበረው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ማስታወቂያው ይደራ ነበር። የእኛ መስከረም ግን ምክንያቱ ከመኪናም ከቴሌቪዥንም ይቀድማል። ወንዙ ይጎድላል፣ ጭቃው ይጠናል፣ ክረምት የለያየው ዘመድ ይጠያየቃል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ያገኘው ይህን የተዘጋጀ የመገናኛ ወቅት ነው። ዋናው ሰዓትም የታወቀ ሆነ፤ የምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና አልቆ እንቅልፍ እስኪመጣ ያለው ጊዜ።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። የዚያ ዘመን መስኮት የከተማ ሰው መስኮት ነው። ቢቸናና ሞጣ በወቅቱ ራዲዮንም የሚሰሙት በጥቂት ባለጸጎች ቤት ነበር። ሆኖም ገጠሩ ገና ከጅምሩ በአንድ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቷል፤ በተረት። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የልጆችን ዝግጅት ለ42 ዓመታት ያህል ሲመሩ ጦጣውን፣ ጅቡንና አንበሳውን ይዘው ነው የቀረቡት። ያ ተረት በእረኛ አፍ፣ በእሳት ዳር የተወለደ ነው። በደብተሬ "ተመላሽ" በሚለው ዓምድ አናት ላይ የእሳቸውን ስም የጻፍሁት ለዚህ ነው። መንግሥት ሲለዋወጥ እሳቸው ይመለሱ ነበር። ነገር ግን የመጣው ተረቱ እንጂ ባለተረቱ ገበሬ አልነበረም።

ገበሬው ራሱ የመጣበት ምሽት ይታወቃል፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ አሳይቶ ነበር። ደርግ ያን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር አሰባጥሮ በዕንቁጣጣሽ ምሽት ለሕዝብ አስተላለፈው። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ከዚያ የከበደ የመስከረም ምሽት የለም። ሥዕሉ እውነት ነበር፤ መታየቱም ይገባ ነበር። ነገር ግን ልብ እንበል። ገበሬው በዚያ ምሽት በመስኮቱ የቀረበው ሊናገር ሳይሆን ሊታይ ነው። የራሱ ረሃብ ለሌሎች ክርክር ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አንድ ሕዝብ ከወገኖቹ ጋር በሥዕል የተዋወቀበት የመጀመሪያው ታላቅ ቀጠሮ በጣር ላይ ሳለ መሆኑ፣ ባሰብሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት መስኮቱ መደበኛ ቀለም አገኘ። ያም መስከረም ነበር። ያም መስከረም አገሪቱ በሌላ ታላቅ ረሃብ ደጃፍ ላይ የቆመችበት ነበር። ቀለሙ ለሰልፉና ለአበባው ደመቀ። ገበሬው በሰልፉ ውስጥ ነበረ፤ አንደበቱ ግን የመፈክሩ ነበር።

እኔ ቴሌቪዥን ያወቅሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ በቢቸና በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ልጆች ስለነበርን ወንበር አይሰጠንም፤ ደጃፉ ላይ ቆመን እናያለን። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ጭውውት ይቀርብ ነበር፤ በጭውውቱም ውስጥ የማይቀር አንድ ሰው አለ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ተሸክሞ አዲስ አበባ ይገባል፤ መብራት ሲያይ ይደነብራል፤ መኪና ሲያይ ይሸሻል። አፉን ሲከፍት የእኛን አነጋገር የሚመስል፣ ነገር ግን የማንም ያልሆነ አማርኛ ይናገራል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እኛም እንስቃለን።

አንድ ዓመት ለበዓል ገበያ መጥተው የመሸባቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ከመካከላችን ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም ከሰው ጋር ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣

"ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የገጠር ሰው ነዋ፣ አባባ!" አላቸው አንድ ወጣት።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና፣ "የእኛ ገጠር አይደለም" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልሳቁም።

ቀልድ አልጠላም። ገበሬ በራሱ ላይ እንደሚቀልደው ማንም አይቀልድበትም። የቢቸና ገበያ ውሎ በቀልድ የተሞላ ነው፤ ቅኔውም ግማሹ ሽሙጥ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ገበሬው ሲቀልድ ብልሃተኛ ነው፣ በመስኮቱ ሲቀለድበት ግን ሞኝ ነው። አንድ ሕዝብ ለዓመታት ራሱን በሞኝ መልክ ካየ፣ ልጆቹ ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጥሉት አነጋገራቸውን ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን "ሄድሁ" ማለት ትቼ "ሄድኩ" ማለት ጀምሬ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የተማርሁት ነው። ዛሬ "ሄድሁ" ብዬ ስጽፍ ወደ ቤቴ እየተመለስሁ ይመስለኛል።

ከዚያ የተከታታይ ድራማ ዘመን መጣ። በ2001 ዓ.ም. ግድም የአዳነች ወልደ ገብርኤል ድርሰት የሆነው "ገመና" ከተማውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ቤቱ ሰበሰበ። ለጥቆ "ሰው ለሰው" ለዓመታት ዘለቀ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ከድራማው ወጥቶ በየሰፈሩ ኖረ። ሞጣ ውስጥ እንኳ ተንኮል የሚጎነጉን ሰው "አስናቀ" ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ "ምዕራፍ አለቀ፣ እረፍት ወጣን" የሚባል ነገር አልተለመደም። ድራማ እንደ ወንዝ ነው፤ ሳምንት ሳምንቱን ይፈሳል፣ ሲደርቅ ያበቃል።

በእኔ ሚዛን እነዚህ ሥራዎች አንድ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ የአገራችን ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ጉዳይ፣ ለብዙ ወራት ሊታይ እንደሚችል አስመስክረዋል። ጉድለታቸውን ያሳዩኝ ግን አንዲት እናት ናቸው። ባንክ ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከችላቸውን ገንዘብ ለማውጣት መጡ። ከአካባቢያችን ብዙ ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ ይሄዳሉ። እናትየው ገንዘቡን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ከመስኮቱ አልሄድ አሉኝ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

"ይጠይቁኝ፣ እማማ።"

"ድራማው ላይ ያለችዋን ሠራተኛ አይተሃታል? ሰው ሁሉ ሲጮህባት። የእኔዋም እንደዚያ ናት ወይ የምትኖረው?"

ምን እንደመለስሁላቸው አላስታውስም። የገባኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው። በየድራማው ቪላው፣ ሶፋውና መኪናው ይለዋወጣል፤ ገጠሩ በመስኮቱ የሚገባው ግን በአብዛኛው በጓዳ በር፣ ትሪ ተሸክሞ ነበር። ታዛለች፣ ትሰማለች፣ ትደነግጣለች። ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትመኝ፣ ደመወዟን ለማን እንደምትልክ ድራማው አይጠይቅም። እኔ ግን የምትልክላቸውን እናት በየወሩ አያቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ብቅ አለ። የጥበብ ሰዎች ተቆጡ። "ባህላችን ተወረረ፣ ገበያችን ተወሰደ" አሉ፤ ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ምሽት ሞጣ በተከራየሁበት ግቢ ከአከራዬና ከጎረቤቶቻቸው ጋር የቱርክ ድራማ እያየን ነበር። ከኢስታንቡል ርቆ የሚኖር አንድ የገጠር አባወራ በተስተካከለ አማርኛ ስለ መሬቱና ስለ ልጁ ሲናገር ሁሉም ጸጥ ብሎ አደመጠው፤ አንዲት ጎረቤታችን እንባዋን ጠረገች። የቱርክ ገበሬ በአማርኛ ሲናገር ማንም አልሳቀበትም! የጎጃም ገበሬ በገዛ ቋንቋው ሲናገር የሚሳቅበት መስኮት፣ ለባዕዱ ገበሬ ክብር ሰጠ። ደብተሬ ላይ በዚያ ምሽት የጻፍሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ "ለእኛም እንዲህ ይቻላል ማለት ነው።"

መቻሉን ያሳየኝ በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የተላለፈው "እረኛዬ" ነው። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት ይህ ድራማ መሠረቱን ገጠር ላይ ጣለ። በምዕራፍ ተከፋፍሎ መቅረቡም ለተመልካቹ አዲስ ልማድ አስተማረ፤ ታሪክ ዐርፎ እንደሚመለስ። አንዱ ምዕራፍ ባለቀ ጊዜ ደንበኞቼ በባንኩ መስኮት "መቼ ይመለሳል?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ባንክ የሚሠራ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከሁሉ በላይ የመዘገብሁት ግን በቡና ላይ የሰማሁትን ክርክር ነው። ክርክሩ ስለ ሰዎቹ አነጋገር አልነበረም፤ ስለ ሰዎቹ ውሳኔ ነበር። "ልክ ናት"፣ "ተሳስታለች" ተባባሉ። በአንድ ሰው ውሳኔ ላይ የምንከራከረው ሰውነቱን ካመንን ብቻ ነው። በሞኝ ላይ ማን ይከራከራል?

እነሆ አሁን ወደ ቤታችን ደጃፍ ደረስን። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር"ም በዛብህን ከማንኩሳ አምጥቶ ለሰብለ ወንጌል የሚያገናኘው በዚሁ በዲማ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" በተሰኘው ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ የድርሰቱ ባለቤት ሆነ።

አባቴ ከባለቤቶቹ አንዱ ነው። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በዲማ ቅኔ ቆጥሯል፤ በኋላ ችግር መልሶት በሬ ጠመደ። የወጋየሁን ትረካ የሰማው በጎረቤት ራዲዮን ነው። "እኔ ሁለት ዲማ አለኝ" ይላል፤ "አንዱን በእግሬ ለምኜበታለሁ፤ አንዱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያና በ2017 ዓ.ም. መባቻ ላይ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በተከታታይ ድራማ ይዞ ቀረበ። በዚያን ወቅት እኔ ሞጣ፣ አባቴ ቢቸና ነበርን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን የሚዘጋ ሆኖ ነበር። ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጧል። አባቴን ካየሁት ቆይቼ ነበር። እሱም ዲማን ለመሳለም አልሄደም። ዲሽ ግን መንገድ አይጠይቅም። የዲማ ታሪክ ከአዲስ አበባ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከሰማይ በዲማ አጠገብ በቆመች የቆርቆሮ ቤት ላይ ወረደ።

ስልክ በሠራ ዕለት ደወልሁለት።

"አባባ፣ አዩት?"

"ሰማሁት።"

"እንዴት ሰሙት?"

"ዐይኔን ጨፍኜ። የእኔ ጉዱ ካሳ ሌላ መልክ አለው፤ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።"

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ይህ ፍርሃት ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንግዳ አይደለም። ቴሌቪዥን አንድ መልክ ሲያሳይ ሺህ መልክ ይደመስሳል። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሰብለ አስቀምጧልና፣ የተዋናይቱ ውበት የቱንም ያህል ቢሆን ለአንዳንዱ ኪሳራ ነው። ይህን ዕዳ ከመጽሐፍ የተወሰደ ድራማ ሁሉ ይከፍለዋል።

"ታዲያ እንዴት አገኙት?" አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና፣ "ሰው ይናገራል" አለኝ።

መጀመሪያ ተራ መልስ መሰለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያደግሁባት ሻይ ቤት፣ ያ ዱላ የተሸከመ ሞኝ፣ የእኒያ አዛውንት ጥያቄ በፊቴ መጡ። ሐዲስ ዓለማየሁ ለጎጃም አልዘመሩም፤ ፈረዱበት እንጂ። ፊታውራሪ መሸሻ የእኛው ትዕቢት ነው። እውነት ስለተናገረ "ጉዱ" የተባለው ካሳም በእኛው ቀዬ የኖረ ነው። ባላባቱ ላይ የተነሡት እነ አበጀ በለውም የእኛው ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ገጠሩ ክፉም ደግም፣ ፈሪም ጀግናም፣ ሊቅም አላዋቂም ነው። ሁሉም ግን ይናገራል፤ ሁሉም በንግግሩ ይፈረድበታል። ክብር ማለት መሞገስ ብቻ አይደለም። በራስ አንደበት ተናግሮ በራስ ቃል መመዘንም ክብር ነው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይህችን ጻፍሁ፤

መንገድ ተዘግቶባት፣ ዲማ ሰማይ ወጣች፤
እግሩ ለታሰረ፣ በመስኮቱ መጣች።

ከዚያ ደብተሯን አወጣሁ። ሁለት ዓምድ አላት፤ "አዲስ" እና "ተመላሽ"። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ከየትኛው ልጻፈው? ለመስኮቱ አዲስ ነው፤ ለዲማ ግን ተመላሽ ነው። ብዙ ካመነታሁ በኋላ በሁለቱ ዓምዶች መካከል፣ መስመሩ ላይ ጻፍሁት። ለአስተያየት በተውሁት ባዶ ቦታም የራሴን ሐሳብ ትቼ የአባቴን ሁለት ቃል አሰፈርሁ፤ "ሰው ይናገራል።"

ቸር ያሰንብተን።